ሰነፏ ዓይን

ዝናብ የጠገበች ሊዝበን ባቡሯ ሰው ሲተፋ፣
የዓለም ብልሃት ሁሉ እዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር ተደፋ።
ዳስ ቁጥር ሁለት መቶ ሰባት፣ ከመጸዳጃው በር ጎን፤
ርካሽ እሱ ስለነበረ በብድር ገንዘብ ያዝን።
በስተቀኝ ሮቦት ይጨፍራል፣ በስተግራ ታክሲ ይበራል፤
ለጎብኚው ዓይን አዋጅ ነው፣ እኛን ማን ልብ ይለናል?
የኛ ዕቃ አንድ ጥቁር መነጽር፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ማያ፤
ዱልሴም፣ የሰቱባሏ ነርስ፣ እንደ ጀማሪ ነጋዴ በገበያ።

ዓሣዎቹን የሳልኩ እኔ ነኝ፤ ሰርዲን ናቸው፣ ብርማ፣
አንዱን በእንቅልፍ ልቤ ስዬው ክንፉ የሆነ ጠማማ።
በአንዱ ዓይን በኩል ይደምቃሉ፣ በሌላው በኩል ጨለማ፦
ብርቱዋ ዓይን ትደበዝዛለች፣ ሰነፏ ትገደዳለች፤
ዓሣ ካማራት ትነቃለች፣ ካልነቃች ጦሟን ታድራለች።

ሰቱባል ሳለን አንዲት ልጅ፣ ዙልሚራ የምትባል፣
ከአራት ወር ልምምድ በኋላ ኳስ ቀለበች ከመሃል።
አንዲት ልጅ ግን አንዲት ናት፤ ለባለሀብት ምን ያደርግለታል?

ረፋዱ ላይ መድረክ ወጣች። ሦስት ደቂቃ ተሰጣት።
ሰዓቱ በቀይ ይቆጥራል፤ ከፊቷ ዳኞች አምስት።
«በስድስት ሳምንት» አለች። እኔ የማውቀው «ምናልባት» ነበረ።
«ለማንም ዕድሜ» አለች። ጆሮዬ ቀላ፣ አንገቴ አቀረቀረ።
ዓሣዎቼ ድርቅ አሉ፤ ኔትወርኩ በሰው ብዛት ታነቀ፤
አንድ ሰርዲን አፉን እንደከፈተ ስክሪኑ ላይ ቀረ፣ ሰውም ሳቀ።
አንዱ ዳኛ ጠየቀ፦ «ገበያው ስንት ሚሊዮን ዓይን ይሆናል?»
(ዓይን፣ እንደ ብርቱካን፣ በጅምላ!)
አፏን ስትከፍት ቀዩ ሰዓት ጮኾ አቋርጧታል።

ማታ ግማሹ መብራት ጠፋ፤ ሮቦቱም ሳጥኑ ገባ።
መጥረጊያውን አስደግፎ አንድ አዛውንት ፈራ ተባ።
«አቢሊዩ እባላለሁ። ግራዬ ከልጅነቴ እንግዳ ናት፤
ከቀኜ አጠገብ ትኖራለች፤ እስከዛሬ ማን ሥራ ሰጣት?
ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ለኔም ይሆናል?»

ዱልሴ ዝም አለች።
«በርስዎ ዕድሜ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ አላውቅም።»
ቀኑን ሙሉ ካለችው ሁሉ እንዲህ ጥርት ያለ አልሰማሁም።

ሳቀና ጓንቱን አወለቀ፤ ወንበሩን ሳበ፣ አረፈ፤
መነጽሩን እንደ ባርኔጣ ደፍቶ ወደ ዓሣዎቼ ቀዘፈ።
አንድ ደቂቃ። ሦስት። አምስት። በሩ ክፍት ነው፣ ታዦ ይሸታል።
«አንዱ» አለ፣ «ክንፈ ጠማማው፣ ወደኔ ወጣ ያለ ይመስላል።»

እይታ ይሁን ይሉኝታ ለማወቅ መንገድ አልነበረም።
ዱልሴ መዝገቧን ከፈተች፤ «ተሻለው» ብላ ግን አልጻፈችም።
ቀን፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ግራ ዓይን። ከዚያ አንድ ቃል፦ «ያጠራጥራል»።
ሁለቴ አሰመረችበት።

ባልዲውን ሊያነሳ ሲሄድ ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ከደነ፤
እጀታውን አንዴ ሳተው። ደገመ። ሁለተኛው ሆነ።

ያን ጠማማ ክንፍ ላቃና ነበር፤
ተውኩት።