ሰረዟ

ዘጌ ወደብ ዳር ላይ ደብተሬን ገልጬ፣
ፀሐይ ሳትበረታ እንጨት ላይ ተቀምጬ፣
«አባ፣ ሦስት መቶ ኪሎ ነው የታንኳህ አቅሟ፤
ስድሳው አንተ ነህ፤ ሃያ ነው እያንዳንዱ ሸክሟ።»
ስድሳውን ቀነስሁ፣ ለሃያ አካፈልሁ፤
«ኤክስ ከአሥራ ሁለት ያንሳል ወይ እኩል ነው» አልሁ።

አባቴ ዝም ብሎ አሥራ አንድ ሸክም ጫነ፤
ጎንበስ ብሎ አየ ውሃው የት እንደሆነ።

«አንድ ቀረህ እኮ!»

«ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ
እሱንም እጭናለሁ፤ ደብተርሽ አይርሳ።
ይህቺ ሰረዝ ምንድን ናት?»
«እኩል።»
እርጥብ አውራ ጣቱን ደብተሬ ላይ አሳረፈ፤
ሰረዟን ጠርጎ ቀዘፈ።

ፈተናው ላይ መልሼ አሰመርኋት፤ አሥር ከአሥር አገኘሁ።
ያን ቀን ግን
ከሥሬ በቀረው ሸክም ላይ
ባሕር ዳርን እያየሁ አመሸሁ።