ቁጥር አራት ሺህ አሥራ ሁለት

ማራኪ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መብራት ሳይሄድ በፊት
የሌሊቱን ፈተና ኤክሴል ላይ ዘረጋሁት።
አምስት መቶ ሕመምተኛ ሰደን ነበር በሐሰት፣
ስም የሌለው፣ ደም የሌለው፣
ካርድ ክፍሉን ሲያንኳኳ ያደረ እስኪነጋለት።

አማካዩ ይኸውና፦ አንድ ነጥብ ሁለት ሰከንድ።
«በቃ እኮ» አለ አዛናው፣ ጃኬቱን ለብሶ ሊሄድ፣
«አረንጓዴ ቀቢውና ለሆስፒታሉ ይወሰድ።»

አማካይ ግን ምን ያውቃል?
አንገረብም በአማካይ ከጉልበት አያልፍም ይሉታል፤
የአጎቴን በቅሎ ግን በነሐሴ በልቷታል።

ዓምዱን ይዤ ገለበጥኩት፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ፤
ወረፋው ዞረ፣ ኋለኞች ፊት መጥተው ተንጋሹ።
ከሁሉ በላይ አንዲት ረድፍ፣
ቁጥር አራት ሺህ አሥራ ሁለት፦
አርባ ሰባት ሰከንድ ጠብቃ፣ ከዚያ ባዶ።
መልስ የላት።

ሐሰት ናት፣ አውቃለሁ። ትናንት በእጄ ጻፍኳት።
ግን ሳላስበው ስም ወጣላት፣ ትርንጎ አልኳት፤
ከደምቢያ በውድቅት ተነስታ፣
የሚያተኩስ ልጅ አዝላ፣
መስኮቱ ስር የቆመች፣ መታወቂያዋን አንጠልጥላ፤
ከውስጥ ያለው ልጅ ደግሞ ቀና ሳይል እንኳ፦
«እናቴ፣ ሲስተም የለም። ቆይተሽ ነይ ለማንኛውም።»

ያቺን አንድ ሳጥን ቀይ ቀባሁ።
አዛናው አየኝ፣ አየና
ጃኬቱን መልሶ አወለቀ።
«ስንተኛው ሰው ላይ ነው» አለ፣ «ሰርቨሩ የወደቀ?»

ሦስት መቶ አርባኛው ላይ።

ዝም አልን።
ሰኞ ጧት፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣
የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ከዚያ ይበልጣል።