«ው» ብዬ ስጀምር

ሁለት ቀን ቧንቧችን ነፋስ ብቻ ተፋ፤
በሦስተኛው ማታ፣ ተራችን ሲጠፋ፣
«እስቲ ፈልግ» አለች እህቴ ትርሲት፣
በትከሻዬ ላይ አገጯን አሳርፋ።

«ው» ብዬ ጀመርኩኝ፤ «ውሃ» ልል ነበረ።
ስልኬ ግን ቀደመኝ፣ የጥንት ወዳጄ፣ ያላሰብኩትን ጨመረ፤
«ውርስ ያለ ኑዛዜ» ብሎ ደረደረ፣
«ውርስ ለስንት ልጅ»፣
«ውርስ፣ ኮንዶሚኒየም፣ በአባት ስም የነበረ»።

አባዬ አልሞተም። ከመጋረጃው ማዶ
ሬዲዮ ይሰማል፣ ሳሉ ለጊዜው በርዶ።
ያንን የጠየቅሁት ጥር ላይ ነው፣ በምሽት፣
ከሐኪም ቤት ወጥቼ፣ ታክሲው ኋላ ወንበር ላይ ተሸጉጬ፣
ብቻዬን መስሎኝ፣
ወደ ኮዬ ፈጬ።

ትርሲት ምንም አላለች። አገጯን አነሳች፣
ባዶ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ወጣች።

በማግስቱ ቀየርኩ። የጥበቃው ልጅ ቶሌራ ነው የመከረኝ፣
«ይሄኛው መፈለጊያ ምንም አያስታውስም፣ ስምህንም አይጠይቅ» ያለኝ።
የስድስት ዓመት ጥያቄዬን ባንድ ጣት ስሰርዝ
«እርግጠኛ ነህ?» አለኝ ያው የድሮው ወዳጄ።
በዚያ ሰሞን ከቤት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ማንም አልጠየቀኝ።

አዲሱ ሳጥን ባዶ ነው፣ እንደ በረንዳው ባልዲ።
«ኮዬ፣ ውሃ» ብዬ በላቲን ብጽፍለት
ቀያይ ዓሦች አመጣ፣ ከሩቅ ምሥራቅ አገር፣
የጠራ ኩሬ ውስጥ ሲንሸራሸሩበት።
ሳቄ መጣ። ምላሴ ደርቆ ነበር።

ያኛው በግማሽ ፊደል ይገባው ነበር፤
ለዚህ ግን ቃሉን ሁሉ፣ ሀሁ እንደሚቆጥር
ተማሪ፣ አንድ ባንድ እጽፋለሁ። «ው» ላይ ስደርስ
ጣቴ ቆም ይላል፤ ከኋላዬ ማንም አለመኖሩን
አይቼ ነው የምጨርስ።

በኋላ ስልኬን ኪሴ ከትቼ ጋሽ ነገዎ ዘንድ ሄድኩ፣
ፓምፑን የሚጠብቁት።
«ረቡዕ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ» አሉኝ፤
ከዚያ ሳልጠይቃቸው፣
«አባትህስ? ሳሉ ተሻለው?»
እሳቸው ምንም አልሰረዙም።

ረቡዕ ከሌሊቱ ስምንት፣ ቧንቧው አስነጠሰ።
ትርሲት ቀድማኝ ነቅታለች፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ።
ባልዲ ተቀባበልን፣ ቃል ሳንቀባበል።
አምስተኛው ሲጋመስ፣ ዐይኗን ከውሃው ሳትነቅል፣
«ለስንት ልጅ ይላል?» አለችኝ በቀስታ።
መልስ ስፈልግ
ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ።