የተቆለፈ ጎተራ

ሃመርፌስት ላይ ፀሐይ በኅዳር ትሄዳለች፣
እንደተጣላ ሰው ደጇን ትዘጋለች።
ሁለት ወር እንግዲህ ቀትር የሚባለው
ውሃ ላይ የፈሰሰ ሰማያዊ አመድ ነው።

የኔ ጉንቮር በዚህ ወደብ፣ በመዝገብ ቤቷ ወንበር
ሠላሳ አንድ ዓመት ጀልባ ስትመዘግብ ነበር።
መስኮትም አትከፍት፣ ጆሮዋ ይበቃታል፣
ሞተሩ ሲያስነጥስ ስሙ ይመጣላታል፦
«ይሄ ስካርቨን ነው፣ ሳንባው የታመመ፤
ያኛው ደግሞ ቴርና፣ ገና ያልደከመ።»

አሁን ግን ጭልፋውን ይዛ ትቆማለች፣
«ያ... ያ የሾርባው...» ብላ ዝም ትላለች።
እኔም አላቀብልም፤ ቃሉን አፌ ይዤ
እጠብቃታለሁ ምድጃው ሥር ፈዝዤ።

ገላዋን ዓመት ባመት እንደ ካፖርት ደረበች፤
መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ። ሚዛኑ ላይ ሳቀች።
ደረጃችን ላይ ግን ሦስት ጊዜ ቆመች፣
አልሳቀችም።

ዶክተር ራግንሂልድ የደሟን ውጤት ዘረጋች፣
ከቫይታሚን ዲ ሥር ቀይ መስመር አሰመረች።
እኔ ተቆጣሁ፦ «እንዴት! ምሳዋ ዓሣ፣ ራቷ ዓሣ፣
የጉበት ዘይት ማንኪያዋን አንድም ቀን ሳትረሳ!»
«ሳትረሳ» ብዬ ደነገጥኩ።
ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ሐኪሟ አልሰማችም፣ ወይ እንዳልሰማ ሆነች።
«ቫይታሚኑ ስብ ይወዳል፤ ስብ ሲያገኝ ይከተታል፣
ጎተራው ሲሰፋ ገበያው ይራባል።
እህሉ አልጠፋም፤ ውስጥ ነው ያለው፣
ወደ ደም የሚወጣው ግን ጥቂት ቁና ነው።»

ደቡብ፣ አያቴ እርሻ ላይ፣ አንድ ጎተራ ነበረ፣
በአራት የድንጋይ እግር ከአይጥ የተከበረ።
ሽማግሌው ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮ ይተኛል፤
በፀደይ የልጆቹ ሆድ የገብሱን ጠረን እየሰማ ያድራል።
ያን በር አስታወስኩ።

«አንጎሏስ?» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
«አንጎልም ይፈልገዋል። ጎድሎባቸው የሚረሱ አሉ።
ያስረሳት ግን መጉደሉ ነው፣ ክብደቱ ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ጨለማው ነው?
በዚህ ጥናቶቹም ገና ይጣላሉ።
መጠኑን ከፍ እናደርጋለን። እግሯም ይንቀሳቀስ።
ቃሏ ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባም።»
ለዚህ ወደድኳት።

በዳቦ ቤቱ ወረፋ ኦሴ፣ ጎረቤታችን፣
«አፏን ብትዘጋ» አለች፣ አጠገባችን።
አፏማ እየተዘጋ ነው፣ ኦሴ፣
ባንድ ቃል፣ ባንድ ቃል።

ከመብራት ምሰሶ እስከ መብራት ምሰሶ ሄድን፣
ጫማችን ሥር ሚስማር፣ ነገ ደግሞ አንድ ምሰሶ ጨመርን።
በአንዱ ምሽት ወደቀች። ላነሳት አልቻልኩም።
በረዶው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ የሚረዳን እስኪመጣ።

ጥር ሲጋመስ ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ወጣች፣
እንደ ሳንቲም ጠርዝ፣ ለአሥር ደቂቃ።
ይህች ፀሐይ ለዓይን እንጂ ለቆዳ አይደለችም፣
እስከ ሚያዝያ ድረስ ቫይታሚን አትሠራም፤
ሐኪሟ ነግራናለች። ቢሆንም ወጣን፣
በወደቡ ግንብ ላይ ፊታችንን ሰጠን።

አንዲት ጀልባ መጣች፣ ሞተሯ እያስነጠሰ።
ጉንቮር አንገቷን ቀና አደረገች።
«ሎምቪ» አለች። ሳታመነታ፣ ሳትፈልገው።

ሎምቪ የሰጠመችው ልጃችን ሳትወለድ ነው።
ሞተሯን አውጥተው ለሌላ ጀልባ ገጠሙት የሚሉም ነበሩ።
የዚህችኛዋ ስም በወዲያኛው ጎኗ ነው የተጻፈው።
ወርጄ አልጠየቅኩም።

ጉንቮር ጓንቷን አውልቃ መዳፏን ዘረጋች፣
ብርሃኑን ከፍ ዝቅ እያደረገች መዘነች።
«ስንት ኪሎ ናት?» አልኳት።
«ቀላል ናት» አለች።