ቀይ ዳማ

ሐዴራ፣ ከሕንጻው ሥር፣ በመጠለያው ምድር ቤት፣
ሳይረን ሲጮህ ጎረቤቱ በሌሊት ልብሱ የሚወርድበት፣
በሰላሙ ቀን የኔ ነው። ማዘጋጃ ቤት ፈቅዶልኛል፤
ሁለት ሲሊንደር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ እግሩ የሚወላገድ በርጩማ ይበቃኛል።

ዘንጉን ከጥቅሉ መዘዝኩት፤ እርሳስ ያህላል ውፍረቱ፤
የደረቀ ደም ይመስላል፣ ወይም ገል፣ ዝናብ የመታው ፊቱ።
ያስተማረችኝ ራይሳ ግን አትወደውም ነበር፤
«ጉበት ነው» ትላለች፤ «እልኸኛ፤ ሲሻው የሚቀላ፣ ሲሻው የሚጠቁር።»
እኔ ገና ሳየው ስም አወጣሁለት፣ ከእናቴ አፍ ተበድሬ፤
ጥቁር ያልሆነ፣ ቀይ ያልሆነ የሰው መልክ ስትጠራ፣ ድሮ፣ በአገሬ፦
ቀይ ዳማ።

ሽቦውን ጭቃ አለብሰዋለሁ፤ ኋላ ዶቃው እንዲላቀቅ።
እሳቱን እለኩሳለሁ። መስታወት ድንጉጥ ነው፤ ከቸኮሉበት አይቀርም መሰንጠቅ።
ከሩቅ አሞቀዋለሁ፣ አለማምደዋለሁ፣ እስኪያጎነብስ ጫፉ፣
እስኪዝለገለግ እንደ ማር፣ እስኪከፈት አፉ።
ከቀለጠ ወዲያ ቀለም የለም፤ ሁሉም ብርቱካን ይሆናል፤
ነጩም፣ ሰማያዊውም፣ ገሉም፣ እሳት ውስጥ ማን ይለያል?
ኦክስጅኑ ካነሰ ይቀየማል፤ ላዩ ላይ አመድ ያወጣል፤
እጄ ማዞሩን ካቆመ ደግሞ ዶቃው ወደ ጎን ያብጣል።
አዞራለሁ፣ አዞራለሁ፣ ወናፍ እንደሚነፋ ሰው፤
እጁ የራይሳ ነው፤ ትዕግሥቱ ግን የአባቴ ነው።

ኦርና ከሦስተኛው ፎቅ መጣች፤ ምራቷ ልትወልድ ደርሳለች።
«ሰማያዊ ዓይን ሥሪልኝ፣ ለልጁ አልጋ፤ ከክፉ ዓይን ይጠብቃል» አለች።
«ስንት ነው?»
«ሠላሳ ሼቄል።» አፌ ብቻ ነው የመለሰ።

አባቴ አዛናው ማረሻ ቀጥቃጭ ነበር።
ገበሬው ከደጃችን ቆሞ ማረሻውን ይረከባል፤
ልጁን ግን በጋቢ ይሸፍናል፤ «ዓይኑ ሰው ይበላል» ተብሏል።
ቀን ብረት፣ ማታ ጅብ ይሉታል። እሱ ማታ ያንኮራፋ ነበር።
ዓይኑ መቅላቱ እውነት ነው። ከሰል ነው።
ከሰል ብቻ።

እና አሁን የሱ ልጅ
ዓይን የሚመልስ ዓይን ልሽጥ?

ሠራሁላት። ሰማያዊ፣ ነጭ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ።
ከዚያ በቀረው ኦክስጅን፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ሳላስብ፣
ከቀይ ዳማው ሌላ ዓይን ጠመጠምኩ። ብሌኑ መሐል አልዋለም፤ ወደ ዳር ሸሸ።
ሕፃን በፊቱ በተሸፈነ ቁጥር
አባቴም ዓይኑን እንዲሁ ወደ ጎን ይሰብር ነበር።

ሁለቱ ዓይኖች ሌሊቱን እቶን ውስጥ አደሩ፣ በአንድ ሙቀት፣ ጎን ለጎን።
ጠዋት ስከፍት የቀይ ዳማው ግማሽ ፊት ጠቁሯል።
ራይሳ ብታይ ትጥለው ነበር።
ኦርና ሰማያዊውን ወሰደች፤ ሌላውን አላየችም።
በመጠለያው ቁልፍ ላይ አሰርኩት፤ ምልክት የሌለው ቁልፍ ቶሎ አይገኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሳይረን።
ደረጃው ላይ ነጠላ ጫማ፣ ውሻ፣ የአንድ አራስ ልጅ ለቅሶ።
ስደርስ ኦርና በሩ ላይ ነበረች፤ በአንድ እጇ ልጁን በብርድ ልብስ ሸፍና፣
በሌላው ግድግዳውን ትዳብሳለች፣ ቁልፉን፣ በጨለማ።
ዶቃውን አገኘችው። ጨበጠችው። ከፈተች።
«ግቢ፣ ግቢ» አለችኝ።
መብራቱ ሲበራ፣ ቁልፉ በሩ ላይ እየተወዛወዘ፣
ብርድ ልብሱን ከልጁ ፊት ላይ ገለጠች።