ማታ ስንት ሰዓት ትገባላችሁ?

ፊርሚኑ ወረቀት አጠፈ ለሦስት፣
ማስመሪያ ስላጣ በባቡር ትኬት
መስመር አሰመረ፦ ኪራይ፣ ትምህርት ቤት፣
ከዚያም የደቂቃ ብዛት፣ ከቤት እስከ ሥራ ቤት።
«ሂሳብ ነው» አለኝ፣ «ሌላ ነገር የለም፤
ልብሽን አትስሚው፣ ልብ ኪራይ አይከፍልም።»

እኔ ግን በሆዴ የያዝኩት ዝርዝር
አምድ የለው፣ ድምር የለው፣ ለሰውም አይነገር፦
ደረጃው የልጅ ጋሪ ያሳልፋል ወይ?
ሌሊት ስታለቅስ ግድግዳው ይችለን ይሆን ወይ?
ትኩሳት ቢይዛት የማንን በር አንኳኳለሁ?
ይህን በየትኛው አምድ እጽፈዋለሁ?

ሦስት እሑድ ዞርን።

በመጀመሪያው እሑድ ከባቡር ወረድን፣
ከጣቢያው ጀርባ ፎቅ በፎቅ የሆነ ሰፈር ገባን።
ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ ወረቀት ተለጥፏል፣
«በቅርቡ ይጠገናል» ይላል፤ ወረቀቱም ወይቧል።
ኢሪያ በጀርባዬ፣ ጋሪዋ በእጁ፣
አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ጠፋ ወጉ ፈሊጁ።
አዲስ ቀለም ይሸታል፣ ከቀለሙ ሥር እርጥበት፤
በመስኮት የሚታየው የሌላ ሰው መስኮት።
ፊርሚኑ ጻፈ፦ «አሥራ ስምንት ደቂቃ።»
እኔም በሆዴ ጻፍኩ፦ በቃ። በቃ። በቃ።

ሁለተኛው ኮረብታ ላይ ነው። መንገዱ እንደ ተላሰ ሳህን
ጸድቷል፤ እግረኛ ግን የለም፣ የምንጠይቀውን።
ጎረቤት ማለት እዚያ የተከረከመ ቁጥቋጦ ነው፤
ከኋላው ውሻ ይጮኻል፣ ከውሻው ኋላ ማን ነው?
ደላላዋ ሴትዮ ቁልፍ እያንቃጨለች
«ጸጥታው ብቻውን ዋጋ አለው» አለች።
ዋጋውን ነገረችን። እኛም ጸጥ አልን።
አውቶቡሱ በሰዓት አንዴ ነው፤ በእግር ወረድን።

ሦስተኛው ከቴዡ ወንዝ ማዶ፣ በጀልባ
ተሻገርን፤ ኢሪያ ሳቀች፣ ውሃው ዓይኗ ገባ።
ማዕበሉ ሲሸሽ ጭቃው ይሸታል፣ ጨው ጨው፣ ዓሣ ዓሣ፤
ከተዘጋው የቡሽ ፋብሪካ እርግብ በመንጋ ሲነሣ
እኔ ጨርሻለሁ። ልቤ ሻንጣውን ፈትቷል፤
ያላየሁት ቤት መስኮት ላይ መጋረጃዬ ተሰቅሏል።
ፊርሚኑ እንኳ ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ረሳው፣
ዳቦ ቤቱ ደጅ ቆሞ አንድ ሙሉ ዳቦ ጨረሰው።

ከአንድ መስኮት አንሶላ የምታሰጣ አሮጊት፣
መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ፣ ቁልቁል አየችን በትዕግሥት።
«እናቴ» አልኳት፣ «ይህ ከተማ ለልጅ ይሆናል ወይ?»
መቆንጠጫውን አወጣች፤ እኔን ትታ ልጄን ስታይ ቆይታ፦
«ማታ ስንት ሰዓት ትገባላችሁ?» አለች።
መልስ ለመንናት፣ ጥያቄ ወረወረች።

ፊርሚኑ በጣቱ ቆጠረ፦ ሜትሮው፣ ወረፋው፣ ጀልባው፣
«ሁለት ሰዓት ተኩል... ጭጋግ ከወረደ ሦስት ነው።»
«ልጅቱስ ስንት ሰዓት ትተኛለች?»
ዝም አልን።
«አርባ ዓመት ሙሉ ከዚህ ሆኜ ገቢ ወጪውን አያለሁ፤
ልጅ ከተኛ በኋላ ለሚገባ፣ ከተማ ሁሉ አንድ ነው እላለሁ፦
ጨለማ ነው፣ ደረጃ ነው፣ የቀዘቀዘ ሾርባ ነው።»
ይህን ብላ አንሶላውን ዘረጋችው። ፊቷን ከለለው።

በጀልባው ስንመለስ አልተነጋገርንም።
ፊርሚኑ ወረቀቱን አወጣ። አራተኛ መስመር
ያለ ማስመሪያ፣ ጠማማ፣
ርዕስም አልሰጠው።

ፎቁን ተከራየነው።

ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል፤ ወረቀቱን ግን ቀይረውታል፣
«በቅርቡ» የሚለው ቃል በቀይ ተጽፏል።
እርጥበቱ ከቁም ሣጥኑ ኋላ የማላውቀውን አገር ካርታ ይስላል፤
ሌሊት ስታለቅስ የላይኛው ሰውዬ ወለሉን በመጥረጊያ ይደበድባል፣
ጠዋት ግን ያው ሰውዬ፣ ሰላም ሳይለኝ፣ የጋሪዋን ፊት ይዞ ያወርዳል።

ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ቁልፌ በሩ ላይ ይዞራል።
ኢሪያ በአንድ እግር ካልሲ እየሮጠች ትመጣለች።
ሾርባው ይፋጃል።

ልቤ ሻንጣውን ከማዶ ገና አላመጣም፤
አንዳንድ እሑድ ተሻግረን እናየዋለን።
ባለፈው ስንሄድ ግን የአሮጊቷ መስኮት ዝግ ነበር፤
ገመዱ ላይ መቆንጠጫ ብቻ።
ሰዓቱን ልነግራት ነበር።