አንድ ቃዳ

ከአማኑኤል ወጥቼ፣ ሁለት ሰዓት በእግሬ፣
ጫማዬን አውልቄ፣ ጅረት ተሻግሬ፣
ስመጣ በሻንጣዬ፣ የያዝኩት ነገር
አንድ ዲፕሎማ ነው፣ ውሃ ልክና ሜትር፤
ደግሞ አንድ ቦቲ ጫማ፣ በአንድ ቁጥር የሚበልጠኝ፣
ወረዳው የሰጠኝ።

«ልጄ» አሉኝ አያ አንለይ፣ ከማሳው ዳር ቆመው፣
ዱላቸውን በትከሻ፣ እንደ ቀንበር ተሸክመው፣
«ዕርፍ ጨብጠሻል? በሬ ጠምደሽ ታውቂያለሽ?
ወይስ እርሻን እንደ ዳዊት፣ ከወረቀት ትደግሚያለሽ?»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ ታዲያ፣
የሞጣ ነጋዴ ልጅ ነኝ፣ ያደግሁት ጨው ገበያ።

አፈሩን ዘገንሁና፣ በመዳፌ ፈተግሁት፣
ቀይ ነው፣ እንደ ሸክላ። በምላሴ ቀመስሁት።
«ኮምጥጧል» አልኋቸው። ዝም አሉ ለጊዜው፤
ኋላ «አርጅቷል» አሉ፣ «እኛ የምንለው።
ገብሱ እንደ ድሮው፣ ወገብ አይደርስም፣
ባቄላው ያብባል፣ ፍሬ አይዝም፣
ማዳበሪያው ያልቃል፣ ዕዳው ግን አያልቅም።»

ማሠልጠኛው ጣቢያ፣ ጣራውን ነፋስ ወስዶታል፤
ትምህርቱ እሑድ፣ ቅዳሴ ሲያበቃ፣ ዋርካ ሥር ይሰጣል።
እኔ ስለ አፈር ስለፈልፍ፣ ግማሹ ያንጎላጃል፣
ግማሹ ስለ ዘይት ዋጋ፣ በሹክሹክታ ያወጋል።
ከኋላ አንዲት ሴት፣ እጇን ዘረጋች፣
«ኖራ ያልሽው ያ ነው? ቤት የምንቀባው?» ብላ ጠየቀች።
«ይቀራረባል።»
«አፈርም ይቀባል?»

ይመኙሻል ትባላለች። ባሏ ሞቶባታል።
ያላት አንድ ቃዳ፣ ቦረቦር አፋፍ ላይ ይገኛል፤
እንኳን እኩል የሚያርሳት፣
ድንበር የሚገፋ፣ ጎረቤት የሌላት።

ኖራው በሚያዝያ፣ ይመጣል ተብሎ ነበረ፣
የሰኔ ሚካኤል ለት፣ ከጅረቱ ማዶ፣ መኪናው ጭቃ ላይ አደረ፤
ሌሊቱን ሲዘንብበት፣ ድንጋይ ሆኖ ቀረ፣
አምስት ኩንታል ብቻ፣ በአህያ ተሻገረ።

በነጠላ ጫፍ፣ አፍንጫችንን ሸፍነን፣
እኔና ይመኙሻል፣ በጣሳ እየሰፈርን በተንን።
አያ አንለይ ሲያልፉ፣ «ሸበታችሁ» አሉን።
«ምን እናድርግ» አለች፣ አቧራውን ሳትጠርግ፣
«መሬቷ ልጅ ትሁን ብለን፣ እርጅናዋን ወሰድን።»

ሐምሌ ሌት ሲዘንብ፣ ቦረቦሩ ያገሳል፣
የሰውን አጥር ከነግንዱ፣ ነቅሎ ይወርዳል፤
የሠላሳ ቀን ዘመቻ፣ የሠራነው እርከን፣
በአንድ ሌሊት ዓባይ ገባ፣ ሳይሰናበተን።
ጠዋት ሄጄ ሳየው፣ ማልቀስ አማረኝ፤
የይመኙሻል ልጅ፣ ዝም ብሎ፣ ድንጋይ አቀበለኝ።

መስከረም አጋማሽ፣ አያ አንለይን አገኘኋቸው፣
ከዚያች ቃዳ መሃል፣ ዱላቸውን ተክለው፣ ገብስ ሲለኩ ብቻቸው።
እስከ ወገባቸው።
አላመሰገኑኝም። ዱላውን ነቀሉና
«ለከርሞ ኩንታሉ፣ ስንት ነው?» አሉኝ፣ ፊታቸውን አዙረው እንደገና።

ዛሬ ማታ ከወረዳ፣ የመጣው ቅጽ ፊቴ ነው፤
«በኖራ የታከመ መሬት፣ በሄክታር ስንት ነው?»
አለቃዬ በስልክ፣ «አርባ በይ» ብሎኛል፣
«ጎረቤት ቀበሌ፣ ስልሳ አስመዝግቧል።»
አርባ መጻፍ እኮ፣ ክንድ አያደክምም፤
ቁጥር ጭቃ ላይ አይቀር፣ አህያም አይጠይቅም።

ጧፉ ሊያልቅ ሲል፣
ዜሮ ነጥብ ሃያ አምስት፣ ብዬ ጻፍሁ።
«አስተያየት» ከሚለው ሥር፣ ባዶ ቦታ አየሁ፤
እንዲህ ብዬ ሞላሁ፦
«አንድ ቃዳ መሬት፣ ሞተች የተባለች፣
ዘንድሮን በኖራ፣ ኖራ አሳየች።»

ይቆጡ ይሆናል። ደመወዜም ይዘገይ ይሆናል።
ነገ እሑድ ነው፣ ዋርካው ሥር ሰው ይሰበሰባል።
ያ ቦቲዬ ደግሞ፣ ዘንድሮ ልኬ ሆነልኝ፤
እግሬ አድጎ ይሁን፣ ጭቃ ሞልቶት ይሁን፣
እኔ እንጃልኝ።